ቢጫውን ሰፈር ቅይጥ ለማድረግ፦ የ6 ሄክታር የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ጥር

ሥራው እንዲህ ነው። ከኮምቦልቻ ብዙም ሳይርቅ አስፋልት ዳር ያለች አንዲት ከተማ፣ ስሟ ይቅር፣ 6 ሄክታር መሬት ከዝቅተኛ መኖሪያ ወደ ቅይጥ መቀየር ፈልጋለች። መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ቦታው ቢጫ ነው፤ የመኖሪያ ቀለም ማለት ነው። ፎቅ የለውም፤ ቆርቆሮ ቤት፣ ግቢ፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ። የተጠየቀው ጂ ፕላስ 4 ነው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። እኔ በኮንትራት ገብቼ የምመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው፣ መብራቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቦዩ ይችለዋል ወይ?

ከባለይዞታዎቹ አንዱ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ «እኛ እኮ ከሁለት ፎቅ አናልፍም፤ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል» አሉኝ። አመንኳቸው። ስሌቱ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ነገ ቦታውን ሸጠው ቢሄዱ ገዢው የሚያነበው ፕላኑን ነው። ፕላኑ አምስት ወለል ከፈቀደ የሚቆጠረው አምስት ወለል ነው።

እና ቁጥሩ። 6 ሄክታር 60,000 ካሬ ነው። 30-30-40 በሚባለው ደንብ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ይሄዳል፤ ለግንባታ 24,000 ካሬ ይቀራል። ባለ 200 ካሬ 120 ቦታ ማለት ነው። በየግቢው ተከራይ ጨምሮ 6 ሰው ብል አሁን 720 ሰው። ሲቀየር የየቦታው ግማሽ ቢገነባ በአንድ ወለል 12,000 ካሬ። ከሱቁ በላይ ያሉት አራት ወለሎች 48,000። ለደረጃና ለግድግዳ 20 በመቶ ሲነሳ 38,400። በ60 ካሬ ሲካፈል 640 ቤት፣ በ4 ሰው 2,560 ሰው።

ጭማሪው 1,840 ነው። ሌላው ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ቁጥር ስለሆነ ደብተሬ ሽፋን ላይ በማርከር ጻፍኩት።

ሳምንት 2

ቢሮ ተቀምጬ ሰነድ ሰበሰብኩ። ከዚህ ሥራ ቀላሉ ይሄ ነው፤ አደገኛውም ይሄ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ውሃ። ከተማዋ ወደ 24,000 ሰው አላት። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መሠረት ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ያለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ያስፈልገዋል። 1,200 ሜትር ኩብ። መስመር ላይ የሚጠፋውን 20 በመቶ ለመሸፈን 1,500 መመረት አለበት። በሰነዱ ሦስት ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 10 ሊትር በሰከንድ ይሰጣሉ፣ በቀን 18 ሰዓት ይሠራሉ። 1,944 ሜትር ኩብ። ትርፉ 444።

አዲሶቹ ሰዎች በ50 ሊትር 92፣ ከብክነቱ ጋር 115 ሜትር ኩብ ይፈልጋሉ። ይገባል! ኤክሴሉ ላይ አረንጓዴ ቀባሁት።

ትምህርት ቤት። 16 ክፍል፣ በክፍል 50 ልጅ፣ ሁለት ፈረቃ፤ 1,600። የተመዘገበው 1,230። ክፍት ቦታ 370። የአዲሶቹ ልጆች፣ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛው አንደኛ ደረጃ ዕድሜ ላይ ነው ብዬ፣ 368። ለሁለት ልጅ ቦታ ተረፈ። ይሄ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። አረንጓዴ።

ጤና ጣቢያ። በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ የሚታሰበው ለ40,000 ሰው ነው። አረንጓዴ፣ እሱ እውነትም አረንጓዴ ነው።

አርብ ከሰዓት ሰንጠረዡን ለአለቆቹ አሳየሁ። ደስ አላቸው። እኔም ደስ ብሎኝ ደሴ ወጣሁ።

ሳምንት 3

ሰኞ ጉድጓዶቹ ጋ ሄድኩ። ለባጃጅ ኮንትራት 600 ብር። የፓምፕ ኦፕሬተሩ ሸምገል ያሉ ናቸው፤ ሰነዱን አሳየኋቸው። «10 ሊትር?» አሉና ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጉድጓዱ ሲቆፈር የተጻፈ ነው።»

መለኪያ የለም። ዋናው ቆጣሪ ቆሟል። ታዲያ በምን ይለካ? ኮረብታው ላይ ያለውን ክብ ሪዘርቫየር ተጠቀምን። የውስጡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የወለሉ ስፋት 78.5 ካሬ። መውጫውን ዘግቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው ስንት ከፍ አለ ብሎ ማየት ነው። ከተማው እንዳይጮህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልናደርገው ተስማማን። ገመድ ጫፍ ላይ ትልቅ ብሎን አስሬ በየ10 ሳንቲሜትሩ ቋጠርኩት። ብርዱ አይጣል ነው፤ ጋሼ ጋቢያቸውን ሊያለብሱኝ ሲሉ እኔ አይሆንም ስል ትንሽ ታገልን።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ 60 ሳንቲሜትር። 47 ሜትር ኩብ በሰዓት። ደነገጥኩ፤ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ጠዋት ላይ ጋሼ የመውጫውን ቫልቭ በእጃቸው ነክተው «ይሄ እኮ አልተዘጋም፣ ውሃ እያሾለከ ነው» አሉኝ። እውነትም ጆሮዬን ብረቱ ላይ ሳደርግ ሺሺሺ ይላል። ሌሊቱ በከንቱ አለፈ። በማግስቱ ቫልቩን በረጅም ቧንቧ አስረዝመን ጠበቅነው። ሁለተኛው ሌሊት፦ 1 ሜትር ከ10። 86 ሜትር ኩብ በሰዓት። ወይም ለሦስቱም ጉድጓድ ተደምሮ 24 ሊትር በሰከንድ፤ ሰነዱ ግን 30 ይላል።

ቀጥሎ የጋሼ ደብተር። በየቀኑ ፓምፑ የተነሳበትንና የቆመበትን ሰዓት ይጽፋሉ። የአንድ ወሩን ደመርኩ፤ አማካዩ 14 ሰዓት ነው። ቀሪውን መብራት ይጠፋል።

86.35 በ14፣ 1,209 ሜትር ኩብ። የሚያስፈልገው 1,500። ባለፈው ሳምንት «ትርፍ 444» ብዬ የጻፍኩት አሁን «ጉድለት 291» ሆነ፤ ያውም አንድ ፎቅ ሳይሠራ። ሕዝቡ በፈረቃ ውሃ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ይህን ለማወቅ ሪዘርቫየር ላይ መውጣት አያስፈልገኝም ነበር፤ ያደርኩበት ቤት በር ላይ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች ማየት ይበቃ ነበር።

ሌላም ስህተት አለ። 50 ሊትር ለቦኖና ለግቢ ቧንቧ ያስኬድ ይሆናል። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ግን ሽንት ቤቱን በውሃ ነው የሚለቀው። አንድ ጊዜ ሲለቀቅ 9 ሊትር፣ በቀን አራቴ፣ ብቻውን 36 ሊትር ነው። ለፎቁ 80 አደረግኩት። 2,560 ሰው በ80፣ የ720ው ሰው የአሁን ፍጆታ ሲቀነስ፣ ብክነት ሲታከል፦ 211 ሜትር ኩብ። ከ115 ወደ 211።

ሳምንት 4

የግፊት መለኪያ በ1,800 ብር ገዛሁ። ኮምቦልቻ ሦስት ሱቅ ዞሬ አራተኛው ላይ ነው የተገኘው። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ግቢ ቧንቧ ላይ ገጠምኩት። ሌሊት 2.1 ባር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 0.9። 1 ባር በግምት 10 ሜትር ያወጣል። አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጠዋት ፊቱን የሚታጠብ የለም። ከዚያ ምን እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ሁሉም ሮቶ ጣሪያ ላይ ይሰቅላል፣ ታች ፓምፕ አስሮ ከመስመሩ ይስባል፣ ጎረቤት ያለው ቆርቆሮ ቤት ባዶ አየር ይጠጣል።

መብራት። ሰፈሩን የያዘው 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ነው። የመብራት ቴክኒሻን ለምኜ በክላምፕ ሜትር አስለካሁ፤ ሣጥኑን የሚከፍተው እሱ ነው፣ እኔ ራቅ ብዬ ጻፍኩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፦ 110 አምፔር። የትራንስፎርመሩ ሙሉ አቅም 289 አምፔር ስለሆነ ከግማሽ በላይ ትርፍ አለ ብዬ ወደ ምሳ ልሄድ ስል ልጁ «ማታ አትለካም እንዴ?» አለኝ። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስን። 240፣ 255፣ 230። አማካይ 242፤ 84 በመቶ። በዚያ ሰዓት በየቤቱ ምጣድ ተጥዷል። አንድ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ይበላል፣ ሰው ደግሞ ከሥራ የሚመለሰው በተመሳሳይ ሰዓት ነው።

640 ቤት ሁሉም ባንዴ አይጋግርም ብዬ ለእያንዳንዱ 1.5 ኪሎ ዋት ያዝኩ፤ 960። ለሱቆቹ በካሬ 30 ዋት፤ 360። 1,320 ኪሎ ዋት፣ በኬቪኤ ወደ 1,550። ማለትም ሦስት 630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር። አሁን ካለው ላይ ልቀጥል የሚባል ነገር አይደለም።

እስካሁን ከኪሴ፦ ባጃጅ 3,000፣ መለኪያ 1,800፣ ገመድ፣ ቴፕና ባትሪ 700፣ ለሌሊቱ ሥራ ሻይ ቁርስ 400። ውሉ ላይ «የመስክ ወጪ» የሚል መስመር አላስገባሁም ነበር። ይሄም ስህተት ነው።

ሳምንት 5

የፍሳሽ መስመር የለም። ሁሉም በየግቢው ሴፕቲክ ይቆፍራል፤ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ከሌላ ከተማ ይጠራል። ፎቁ ሲሞላ በቀን ወደ 164 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይወጣል። ጥያቄው አፈሩ ይመጠዋል ወይ ነው።

ሁለት የቀን ሠራተኛ በ500፣ 500 ብር ይዤ ሦስት ቦታ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። አፈሩ መረሬ ነው። በጋ ስለሆነ ተሰነጣጥቋል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ውሃ ሞልተን ስቶፕዋች ያዝኩ። በ20 ደቂቃ 12 ሳንቲሜትር ወረደ። ግሩም! ደብተሬ ላይ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ አሁንም እዚያው አለ፣ አልሰረዝኩትም።

ቡና እንድጠጣ የጠሩኝ እማማ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዩን ነበር። አቦሉን ቀድተው «ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «እሱማ በጋ ይጠጣል። ክረምት ና እስቲ፣ ግቢው ውስጥ በጫማ አትሄድም።» ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ፣ «አብሽር ልጄ፣ በረካውን ሳትጠጣ እንዳትነሳ» አሉኝ።

ውሃው ወርዶ የነበረው በስንጥቁ ውስጥ ነው፤ አፈሩ አልመጠጠውም። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል። ትክክለኛው አሠራር ጉድጓዱን ቀድሞ አርሶ ማሳደር ነው። መጽሐፉም ይላል፤ ቸኩዬ ዘለልኩት። በማግስቱ በ20 ሊትር ጀሪካን ስንመላለስ ዋልን፣ ማታም ሞልተን አሳደርነው። ሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደገና ለካን። በአንድ ሰዓት 1 ሳንቲሜትር። አንዱ ጉድጓድ ላይ ጭራሽ አልወረደም፤ ትንኝ ተንሳፍፎበት አገኘነው።

ስለዚህ የየግቢ ሴፕቲክ አያዋጣም። የጋራ ማጣሪያ ወይም የታሸገ የጋራ ታንክ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ከ6 ሄክታሩ ውስጥ ቦታ መቁረጥ አለብኝ።

ሳምንት 6

ትልቁ ስህተት የተገኘው ፋይል ሳገላብጥ ነው።

ለሌላ ጉዳይ ካርታ ፍለጋ መዝገብ ቤት ገባሁ። መደርደሪያ ላይ በገመድ የታሰረ ወፍራም ክምር አለ። የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ከሰፈሩ ጀርባ 340 ቦታ ተሰጥቷል፣ ካርታ ወጥቷል፣ ፈቃድም ያላቸው አሉ፣ ግን አልተሠራም። እኔ የቆጠርኩት ዛሬ የሚኖረውን ሰው ነው። ቃል የተገባለትን አልቆጠርኩም። እነዚህ ሰዎች ወረፋው ላይ ከእኛ ፎቅ በፊት ናቸው፤ ትርፍ አቅም ቢኖር እንኳ የእነሱ ነው።

340 ቤት በ4 ሰው 1,360 ሰው። ውሃ በ50 ሊትር ከብክነት ጋር 85 ሜትር ኩብ። ልጅ 272።

ልጅ ሲነሳ ትምህርት ቤቱ በወረቀት ብቻ መታየቱ ትዝ አለኝ። ሄድኩ። ርዕሰ መምህሯ ይዘውኝ ዞሩ። 16 ክፍል የሚለው እውነት ነው፣ ግን በ2014ቱ ጦርነት የተጎዱ ሦስት ክፍሎች ዛሬም ጣሪያ የላቸውም፤ አንዱ ውስጥ የተሰባበሩ ዴስኮች ተከምረዋል። 13 ክፍል፣ በፈረቃ 1,300 ልጅ። ክፍት ቦታ 70 ነው እንጂ 370 አይደለም። የማኅበራቱ 272 ልጆች ሲመጡ 202 ይተርፋሉ። የፎቁ 368 ሲጨመር 570። በፈረቃ 6 ክፍል፣ በሙሉ ቀን 12 ክፍል መሠራት አለበት።

እረፍት ሲደወል እዚያው ቆሜ ነበር። ስምንት መጸዳጃ ጉድጓድ፣ በአንድ ፈረቃ 615 ልጅ። ለአንዱ 77። የሴቶቹ ሰልፍ ሳያልቅ ደወሉ እንደገና ተደወለ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል የምትመስል ልጅ ሰልፉን ትታ ወደ ክፍል ሮጠች። እስከዚያ ቀን ሰንጠረዤ ውስጥ «መጸዳጃ» የሚል ረድፍ አልነበረም።

ሰንጠረዡን ከባዶ ጀመርኩ። አሁን ለእያንዳንዱ አገልግሎት አምስት ዓምድ አለው፦ በሰነድ ያለው አቅም፣ ተለክቶ የተገኘው፣ አሁን የሚፈለገው፣ ቃል የተገባው፣ ለውጡ የሚጨምረው። በሁለተኛው ሳምንት የነበረኝ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ብቻ ነበሩ።

ሳምንት 7፣ የካቲት መጨረሻ

በልጉ ቀድሞ ገባ። ለገበሬው እሰየው፣ ለእኔም እሰየው።

ቦዩን በስሌት ብቻ ነበር ያየሁት። በሰዓት 60 ሚሊሜትር ዝናብ ብንይዝ ከ6 ሄክታሩ አሁን 0.4 ሜትር ኩብ በሰከንድ ይወርዳል። አብዛኛው ኮንክሪትና ጣሪያ ሲሆን 0.75። ቦዩ 60 በ60 ሳንቲሜትር ነው፤ ንጹሕ ከሆነ 0.54 ገደማ ያሳልፋል። ሐሙስ ከሰዓት ሲዘንብ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ቦዩ ግማሹ ደለልና ሃይላንድ ነው። ውሃው 20 ደቂቃ ሳይሞላ አስፋልቱ ላይ ወጣ፤ ባጃጆቹ ጎማቸው እስኪሸፈን ይሄዳሉ። ንጹሕ ቢሆን ዛሬ ይችል ነበር፣ ፎቁን ግን ንጹሕም ሆኖ አይችልም። ውሃው መጨረሻው ቦርከና ነው፤ ታች ያሉ እርሻዎች ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ቀን በእግሬ ወረድኩ።

የትራፊክ ቆጠራም አደረግኩ፤ ማክሰኞ። ገበያው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደገምኩት።

ሳምንት 8

የሕዝብ ውይይት። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ይላል። ሸሁም ቄሱም መረቁና ተጀመረ።

ያቀረብኩት «አይሆንም» አልነበረም፤ በሁለት ደረጃ ይሁን ነው። አሁን ጂ ፕላስ 2። 320 ቤት፣ 1,280 ሰው፤ ጭማሪው 560 ሰው፣ ውሃው 83 ሜትር ኩብ፣ ልጁ 112። ይህም ቢሆን ጉድለቱ ሳይዘጋ የግንባታ ፈቃድ አይሰጥም። ጂ ፕላስ 4 የሚፈቀደው ውሃው፣ ትራንስፎርመሮቹ፣ የጋራ ፍሳሹና ክፍሎቹ ተሠርተው ሲለኩ ነው። «ሲታቀዱ» የሚል ቃል ረቂቁ ውስጥ ነበር፤ በእስክሪብቶ ሰርዤ «ሲለኩ» አልኩት።

ባለይዞታዎቹ አልወደዱትም። አንዱ ተነስተው «ሁለት ወር ሙሉ ስትለካ የኛ ሲሚንቶ ዋጋ ጨመረ» አሉ። ልክ ናቸው፣ መልስ አልነበረኝም። ከኋላ አንዲት እናት «እኛ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን። እነሱ ሲገቡ ስንት ቀን ሊሆን ነው?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ ግን ቁጥር ነበረኝ። ባለ ጂ ፕላስ 4 ስሌቱን፣ የማኅበራቱን ጨምሬ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ 587 ሜትር ኩብ ጉድለት። አዳራሹ ትንሽ ዝም አለ። ጂ ፕላስ 2ው በአብዛኛው ድምፅ አለፈ።

ሳምንት 10

ጋሼ ደወሉ። አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ፓምፑን ሲያወጡት ወደ ላይ የሚወጣው ቧንቧ መገጣጠሚያው ተበልቶ ተገኘ፤ ውሃው ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይፈስ ነበር። ተቀየረ። «ገመድህን ይዘህ ና» አሉኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ያው ኮረብታ። ቫልቩን ራሴ ጠበቅኩት፣ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ጸጥ ብሏል። በዚህ ጊዜ ጋቢ ይዤ ነው የወጣሁት። 1 ሜትር ከ35። 106 ሜትር ኩብ በሰዓት። በ14 ሰዓት 1,484።

ከ1,500 የጎደለው 16 ነው፤ ለዛሬው ሰው ማለት ነው። የማኅበራቱ 85 እና የጂ ፕላስ 2ው 83 ገና አልተነካም። ፓምፑን አንድ ሰዓት ከግማሽ ማስረዘም ቢቻል 16ቱ ይሸፈንና 143 ይተርፋል። ጋሼን ጄኔሬተር ስንት ናፍጣ ይበላል ብዬ ጠየቅኳቸው። ከጋቢያቸው ሥር ደብተራቸውን አወጡ።